ሕመምን ስለ መሰወርና ስለ መግለጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ወንጌላዊው ማርቆስ በአምስተኛው ምዕራፍ፣ ሉቃስም በስምንተኛው ምዕራፍ፣ ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈስሳት ስለ ኖረች አንዲት ሴት ይነግሩናል። ይህች ሴት ያላትን ሁሉ ለባለ መድኃኒቶች ከፍላ ከጨረሰች በኋላ፣ ጌታችን ወደ ኢያኢሮስ ቤት ሲሄድ ሕዝቡም ከግራና ከቀኝ ሲያጨናንቀው፣ ከኋላው ቀርባ የልብሱን ጫፍ ዳሰሰች፤ ደሟም በዚያው ጊዜ ቆመ። ታሪኩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ዛሬ እንድታስተውሉልኝ የምሻው ከፈውሱ በኋላ የሆነውን ነው። ሴቲቱ በስውር እንደ መጣች በስውር ልትመለስ ፈልጋ ነበር። ጌታችን ግን መንገዱን አቋርጦ ቆመ፤ የነካው ማን እንደ ሆነም ጠየቀ። ደቀ መዛሙርቱ በዚህ ሁሉ ግፊያ መካከል እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቁ እንግዳ ነገር ሆነባቸው። ሁሉን የሚያውቅ አምላክ የጠየቀው ጠፍቶት አይደለም፤ አዳምን በገነት ዛፎች መካከል በተሸሸገ ጊዜ ወዴት እንዳለ እንደ ጠየቀው ያለ ጥያቄ ነው። ሴቲቱም እየተንቀጠቀጠች ወጥታ በሕዝብ ሁሉ ፊት እውነቱን ተናገረች፤ እርሱም ልጄ ብሎ ጠራት። እንግዲህ ሥጋዋን የፈወሰው በስውር ሲሆን፣ ከኀፍረቷ የፈታት ግን በአደባባይ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በዘመናችን በእናቶቻችንና በእኅቶቻችን ላይ እንደዚያች ሴት ሕመም ከሰው ዓይን ተሰውሮ የሚኖር አንድ ደዌ አለ፤ እርሱም የጡት ነቀርሳ፣ ዛሬ ሰው ሁሉ ካንሰር እያለ የሚጠራው ነው። ካህን ሆኖ በራዲዮ ስለ ሴት ጡት ይናገራልን ብሎ የሚገረም አድማጭ ይኖር ይሆናል። ይህ ወንድማችን ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ሥዕሎቹን ቀና ብሎ ይመልከት፤ እመቤታችን ልጇን ስታጠባ የሚያሳይ ሥዕል አባቶቻችን ሥለው አቆይተውልናል። አምላክ ሰው በሆነ ጊዜ የድንግልን ጡት ጠብቶ አደገ ብለን የምናምን እኛ፣ ያን የሰውነት ክፍል በስሙ ለመጥራት የምናፍርበት ምክንያት የለንም። ይልቁንስ በስሙ እያፈርን እናቶቻችንን መቅበራችን ሊያሳፍረን ይገባል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ በ2022 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመላው ዓለም 2.3 ሚሊዮን የሚሆኑ ሴቶች ይህ ሕመም ተገኝቶባቸዋል፤ በዚያው ዓመት 670,000 የሚያህሉ ሰዎች ሞተውበታል። በአገራችንም ሴቶችን ከሚይዙት የነቀርሳ ዓይነቶች ሁሉ የሚበዛው ይኸው ነው። በሀብታሞቹ አገሮች ከታመሙት 100 ሴቶች ከ90 የሚበልጡት ሕመሙ ከታወቀ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ይገኛሉ፤ በድኾቹ አገሮች ግን ቁጥሩ ከዚህ እጅግ ያንሳል። የመሣሪያና የሐኪም ማነስ አንዱ ምክንያት መሆኑ አይካድም። ለብዙ ዘመን በመላ ኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ይገኝ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በጅማና በሌሎችም ስፍራዎች የተጀመረው በቅርብ ዓመታት ነው። ነገር ግን ሐኪሞች አጥብቀው የሚነግሩን ሌላ ምክንያት አለ፤ ይኸውም ከሴቶቻችን የሚበዙት ወደ ሕክምና የሚደርሱት ሕመሙ ከጡት አልፎ ወደ ብብት፣ ከዚያም ወደ ሌላው አካል ከተሻገረ በኋላ መሆኑ ነው። ለመሣሪያው ማነስ መንግሥትና ባለጸጎች ይታሰቡበት፤ ለመዘግየቱ ግን ቤተ ሰብም፣ ጎረቤትም፣ የንስሐ አባትም የሚጠየቁበት ነገር አለ፤ የዛሬው ንግግሬም ስለዚህ ነው።

አስቀድሞ የሚያዘገየው ነገር፣ እብጠቱ በመጀመሪያው ጊዜ አብዛኛውን የማያም መሆኑ ነው። ሰው የሚያመውን ይፈራል፤ የማያመውን ግን ነገ አየዋለሁ እያለ ያሳድረዋል። በጡት ወይም በብብት ውስጥ አዲስ ጓጓላ ሲገኝ፣ ቆዳው ሲሰረጉድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ወይም ደም ሲወጣው፣ ሳያም ቢቀርም እንኳ መመርመር ይገባል። እብጠት ሁሉ ነቀርሳ አይደለም፤ እንዲያውም የሚበዛው ሌላ ነገር ሆኖ ይገኛል፤ ይህንንም ለይቶ የሚያውቀው መርማሪ እንጂ የጎረቤት ግምት አይደለም። ወንዶችም ቢሆኑ፣ በቁጥር እጅግ ጥቂት ይሁኑ እንጂ፣ ይህ ሕመም ያገኛቸዋልና ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው ብላችሁ ራዲዮኑን አትዝጉ።

ሌላው የሚያዘገየው ደግሞ ክፉ ወሬ ነው። አንዱ የቡዳ ዓይን ነው ይላል፤ ሌላው የሟርት ሥራ ነው ይላል፤ ሦስተኛው እግዚአብሔር ስለ አንድ የተሰወረ ኃጢአቷ ቀጣት ይላል። ይህ ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ በታማሚዋ ላይ ሕመሙ ሳያንሳት ፍርድ ይጨምርባታልና። ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ደቀ መዛሙርት ኃጢአቱ የራሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን ሁለቱንም ግምት አልተቀበለም። እርሱ ያልፈረደውን እኛ በምን ሥልጣን እንፈርዳለን? ደግሞም ብረት ከነካው ይዛመታል የሚል አባባል በየመንደሩ አለ። ሐኪሞች በመርፌ ጥቂት ናሙና ወስደው የሚመረምሩት የሕመሙን ዓይነት ለይተው ለማወቅ ነው፤ ሕመሙም የሚዛመተው መርፌ ስለ ነካው ሳይሆን፣ ሳይነካ ብዙ ጊዜ ስለ ቆየ ነው።

የንስሐ ልጄ የሆነች አንዲት እናት አለች። የምነግራችሁ ከኑዛዜ የሰማሁትን አይደለም፤ የንስሐ ምሥጢር ከካህኑ ጋር ወደ መቃብር የሚወርድ ነውና። ራሷ በቤቷ ተቀምጣ፣ ባሏና ሴት ልጇ ባሉበት ያጫወተችኝን፣ ለሌሎች እንድናገረውም የፈቀደችልኝን ነው። ዕድሜዋ አርባ ሁለት ዓመት ነበር። ገላዋን ስትታጠብ በግራ ጡቷ ላይ የሽንብራ ፍሬ የሚያህል ነገር በጣቷ ተሰማት። ለማንም አልነገረችም። ስምንት ወር በሙሉ፣ ልብስ ስትለውጥ ፊቷን ወደ ግድግዳ እያዞረች፣ ስትተኛ በአንድ ጎኗ ብቻ እየተኛች ኖረች። ሽንብራው ዋልያ ሎሚ አከለ። በየወሩ በ21 የእመቤታችንን ማኅበር ትጠጣ ነበር፤ ጽዋውን ስታነሣ ክንዷ እንደ ከበዳት ሰው እንዳያይባት ብላ ከማኅበሩም ቀረች። በመጨረሻ ያወቀባት የዐሥራ አምስት ዓመት ልጇ ናት፤ እናቷ ነጠላዋን ስትጥል ድንገት ገብታ አየች። ልጅቱ አልጮኸችም፤ ሮጣ ወደ አባቷ ሄደች።

ባሏ ወደ እኔ መጥቶ፣ «አባቴ፣ ጠበል ልውሰዳት ወይስ ሆስፒታል?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔም፣ «ልጄ፣ ወይስ የምትለውን ቃል ተዋት፤ ጠዋት ጠበሉን ተጠምቃ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ትሂድ» አልሁት።

ይህን መልስ የሰጠሁት ከራሴ አመንጭቼ አይደለም። ንጉሡ ሕዝቅያስ ለሞት ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ባለቀሰ ጊዜ እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰማው፤ ነቢዩ ኢሳይያስም የምሕረቱን ቃል ይዞለት ከተመለሰ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያደርጉበት አዘዘ። ጸሎቱ የበለሱን መድኃኒት አላስቀረውም፤ መድኃኒቱም ጸሎቱን ከንቱ አላደረገውም። በመጽሐፍ ቅዱሳችን የሚገኘው የሲራክ ልጅ መጽሐፍም ሐኪምን አክብሩ፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው እግዚአብሔር ነው የሚል ትምህርት አለው። ከአራቱ ወንጌላውያን አንዱ ሉቃስም ራሱ ባለ መድኃኒት ነበር። በእኛም ዘመን፣ በ1999 ዓ.ም.፣ በእንጦጦ ማርያም ጠበል የሚጠመቁ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ይተዉ ወይስ ይያዙ የሚል ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን ተናግረው ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ መክረዋል። ጠበሉ ወደ ሐኪም አትሂዱ ብሎ ማንንም አልከለከለም፤ እንዲህ ብሎ የሚከለክለው በጠበሉ ዳር የቆመ ሰው ነው።

አንድ መጻሕፍትን የሚወድ ምእመን ግን በዚህ ነገር ተከራከረኝ። «የቅዱስ ባስልዮስ እኅት ቅድስት ማክሪና በጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ሳለ ሐኪም አላየኝም ብላ በጸሎት ድና የለምን?» አለኝ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለምና ታሪኩን በሙሉ እንመልከተው። በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረችውን የዚህችን ቅድስት ገድል የጻፈው ወንድሟ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ነው። በጡቷ አጠገብ ብርቱ እብጠት ወጣባት፤ እናቷ ኤሜልያ ሐኪም እንዲያያት ለመነቻት። እርሷ ግን አካሏን ለሌላ ሰው ዓይን መግለጥን ከሕመሙ ይልቅ ፈራች። ሌሊቱን በመቅደስ በዕንባ ስትጸልይ አድራ፣ በዕንባዋ የራሰውን ዐፈር መድኃኒት አደረገች፤ በማግሥቱም እናቷ በእጇ በእብጠቱ ላይ በትእምርተ መስቀል እንድታማትብባት ጠየቀች፤ እናቷም ስታማትብ እብጠቱ ጠፍቶ ተገኘ።

ያ ምእመን የዘለላቸው ሁለት ነገሮች ግን አሉ። አንደኛው፣ ኤሜልያ ልጇን ስትለምን የሕክምና ጥበብ ለሰው መዳን ከእግዚአብሔር የተሰጠ ነው ብላ ነበር፤ ይህንንም ቃሏን ጎርጎርዮስ ሳይነቅፍ ጽፎታል። ታላቅ ወንድሙ ባስልዮስም በቂሣርያ ከተማ አጠገብ ድኾችና ሕሙማን የሚታከሙበት ታላቅ ቤት ሠርቶ ሐኪሞችን አኑሮበታል፤ ለመነኮሳት በሠራው ሥርዓትም ሕክምና ከእግዚአብሔር የተሰጠ ጥበብ መሆኑን አስተምሯል። የማክሪናን ተአምር ጽፎ ያቆየልን የገዛ ወንድሟ ነው፤ እርሱም ከተአምሩ የሐኪም ጥላቻን አልተማረም። ሁለተኛው፣ ማክሪና ብቻዋን አልተሰወረችም፤ ለእናቷ ገልጣለች፤ የእናቷ እጅም በቁስሉ ላይ አርፏል። እንግዲህ የማክሪና ምሳሌ ይበቃኛል የምትል እኅት ብትኖር፣ ቢያንስ ቢያንስ ለእናቷ ትንገር። በተአምር መዳን እንዳለ አምናለሁ፤ አይቻለሁም። ነገር ግን ተአምር እግዚአብሔር ሲወድ የሚሰጠው እንጂ እኛ ቀን ቆርጠን የምናዝዘው አይደለም።

ወደ ንስሐ ልጄ ልመለስ። በመርፌ የተወሰደው ናሙና ውጤት እስኪደርስ ሦስት ሳምንት ቆየ። ያን ሦስት ሳምንት ከሕክምናው ሁሉ የከበደኝ እርሱ ነበር ትላለች። ውጤቱ የተፈራው ሆነ። ሐኪሞቹ እብጠቱን አስቀድመው ለማሳነስ ኬሞቴራፒ የሚባለውን በደም ሥር የሚንጠባጠብ ብርቱ መድኃኒት በየሦስት ሳምንቱ ይሰጧት ጀመር። ያስመልሳት ነበር፤ የአፏ ጣዕም ጠፋ፤ ጠጉሯም እየተነቀለ በትራሷ ላይ ቀረ። ነጠላዋ ሸርተት ሲል የጎረቤት ሴት አይታ፣ «ማን ሞቶብሽ ነው የተላጨሽው?» ብላ ጠየቀቻት። እርሷም፣ «ማንም አልሞተም፤ እንዳልሞት ብዬ ነው» አለቻት።

ጾመ ሁዳዴ በመካከሉ ገባ። ሐኪሙ እንቁላልና ወተት እንድትወስድ አዟት ነበር፤ እርሷ ግን እንቢ አለች። ፍትሐ ነገሥት የታመመውን ሰው ከጾም ሕግ እንደሚፈታው ነግሬያት ስታመነታ፣ «ልጄ፣ ጾም ለሥጋ ትዕቢት የተሠራ ልጓም ነው፤ መሬት ላይ ለወደቀ ፈረስ ልጓም አያጠልቁለትም» አልኋት። ወተቱን እያለቀሰች ጠጣች። በዚህ ነገር የምትጨነቁ ሕሙማን ብዙዎች ናችሁና ይህን ለንስሐ አባቶቻችሁ ጠይቁ፤ በገዛ እጃችሁ በራሳችሁ ላይ ሕግ አትጫኑ።

የቀዶ ሕክምናው ቀን ከመድረሱ በፊት መጽሐፈ ቀንዲል እንዲደገምላት ጠየቅሁ። ቤተ ሰቡ ደነገጠ፤ ቀንዲል ለሚሞት ሰው የሚደረግ መስሏቸው ነበር። ይህ በብዙዎች ዘንድ ያለ ስሕተት ነው። ሐዋርያው ያዕቆብ የታመመ ሰው ቀሳውስትን ጠርቶ ዘይት እየተቀባ ይጸለይለት ሲል ያስተማረው ስለ መዳን ነው። ምሥጢረ ቀንዲል ለሕያዋን የተሠራ ምሥጢር ነው፤ ለቀብርማ ሌላ ጸሎት አለን። ሌላም የፈራችው ነገር ነበር፤ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ስትገባ በአንገቷ ያለውን ሁሉ አውልቂ እንዳትባልና ማተቧ እንዳይበጠስ። ይህን ለአስታማሚዋ ነርስ በነገረቻት ጊዜ ነርሷ ማተቡን ሳትበጥስ በቀስታ ፈትታ በቀኝ እጇ አንጓ ላይ አሰረችላት። ስሟን አላውቅም፤ ይህን ንግግር የምትሰማ እንደ ሆነ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ጡቷ በሙሉ፣ በብብቷም ያሉት እጢዎች ተወሰዱ። ከመቶ ዓመት በፊት ሐኪሞች ጡቱን ከደረት ሥጋ ጋር ሳይቀር ይቆርጡ ነበር፤ ዛሬ ቀድማ ለመጣች ሴት ብዙ ጊዜ እብጠቱን ብቻ አውጥተው፣ የቀረውን በጨረር አክመው ጡቷን ሊያተርፉላት ይችላሉ። የእኛይቱ እናት ስምንት ወር ቆይታ ስለ መጣች ይህ አልሆነላትም። እርሷ ራሷ ይህን ተናገርልኝ ያለችኝ ለዚህ ነው።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለው ጊዜ ሰው ሁሉ የሚረሳው ጊዜ ነው። ታማሚዋ ከሆስፒታል በወጣች ቀን ቤቱ በጠያቂ ይሞላል፤ በሦስተኛው ሳምንት ማንም የለም። ክንዷ እንዳይደርቅና እንዳያብጥ ጣቶቿን በግድግዳ ላይ እንደ መሰላል እያወጣች በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከፍ ታደርግ ነበር፤ ልጇም የደረሰችበትን በከሰል ምልክት ታደርግላት ነበር። ምጣድ ማሰማራት፣ ውኃ መሸከም አልቻለችም። እዚህ ላይ ስለ ባሏ የምናገረው አለኝ። ይህ ሰው በሬውን ሸጦ ነው ያሳከማት፤ እርሱስ ብዙ ባሎች የሚያደርጉት ነው። ነገር ግን ሊጥ አቡክቶ እንጀራ ጋግሯል። የሰፈሩ ወንዶች ሳቁበት፤ እንጀራውም ዓይን አልነበረውም ትላለች። እርሷ ግን እንደዚያ እንጀራ የጣፈጠኝ የለም ትላለች።

እርሷ ከሁሉ ይልቅ የፈራችው ጠባሳዋን እርሱ የሚያይበትን ቀን ነበር። ይህን በባሏ ፊት ነው የነገረችኝ፤ እርሱም አንገቱን ደፍቶ ሰማ። ቁስሉን የሚያጥብላት ሰው በጠፋ ጊዜ እርሱ ራሱ አጠበላት፤ ሲያጥብም ምንም አልተናገረም። ባሎች ሆይ፣ በተክሊል ቀን ሁለታችሁ አንድ ሥጋ ሆናችኋል ተብሎ የተጸለየላችሁ ለሙሽርነቱ ሳምንት ብቻ አይደለም። አንድ ሥጋ ከሆናችሁ የተቆረጠው ከእናንተም ነው። ሚስቱ በዚህ ሕመም በታመመች ጊዜ ፊቱን ያዞረ ሰው በየደብሩ አለ፤ እንዲህ ያለው ሰው ቀሚሱን አሳምሮ በዕለተ ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ከመቆሙ በፊት ወደ ቤቱ ተመልሶ ያቺን ቁስል ይጠብ።

የማኅበሯ ሴቶችም አልተዉአት። በ21 ጽዋውንና ዳቦውን ይዘው ወደ ቤቷ መጥተው ማኅበሩን በአልጋዋ አጠገብ ጠጡ። እርሷም በዚያ ቀን፣ ጽዋው በእጇ ሳለ፣ የሆነባትን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። ከሴቶቹ ሁለቱ በማግሥቱ ተያይዘው ለምርመራ ሄዱ፤ የአንደኛዋ እብጠት ነቀርሳ አለመሆኑ ታውቆ ደስ ብሏት ተመለሰች። ሁለተኛዋ የሄደችው ለማጀብ ብቻ ነው ብላ ነበር፤ ነገር ግን ከምርመራው ክፍል ስትወጣ አምስት ወር እንደ ደበቀችው ታወቀ። እርሷም ዛሬ በሕክምና ላይ ናት።

ሁሉ ግን እንዲህ አይሆንም። በዚሁ ሕመም የሞተች አንዲት እኅት ቀብሬአለሁ፤ ወደ ሐኪም ስትደርስ ሕመሙ ወደ አጥንቷ ገብቶ ነበር። ጠበሉንም ተጠምቃለች፣ መድኃኒቱንም ወስዳለች፣ ሥጋ ወደሙም ተቀብላለች። በልቅሶው ቤት አንድ ሰው እምነቷ ቢጸና ኖሮ ትድን ነበር ሲል ሰማሁ። ሐዋርያው ጳውሎስ ሕመሙ እንዲወገድለት ጌታን ሦስት ጊዜ ለምኖ አልተወገደለትም፤ እምነት ጎደለው የሚል አለን? ያቺ እኅት በመጨረሻው ሳምንት ሥቃይዋን በመድኃኒት ያስታገሡላት ሐኪሞችም፣ በራስጌዋ ዳዊት የደገሙላት ካህናትም ሥራቸውን ፈጽመዋል። ዳነች የምንለውም፣ አልዳነችም የምንለውም፣ ሁሉ በእርሱ ዘንድ ሕያዋን ናቸው።

ስለ ጠባሳ አንድ ነገር ልጨምር። ጎርጎርዮስ ስለ እኅቱ በጻፈው ውስጥ፣ ማክሪና በ379 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባረፈች ጊዜ በድኗን ከሚገንዙት ሴቶች አንዲቱ መብራት አቅርባ በደረቷ ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ምልክት እንዳሳየችው ይናገራል፤ የዚያች እብጠት ስፍራ ነበረች። እግዚአብሔር እብጠቱን ሲያጠፋ ምልክቷን ግን አስቀርቷታል፤ የጉብኝቱ መታሰቢያ እንድትሆን። ከዚህም ሁሉ በላይ ጌታችን ሞትን ድል አድርጎ በተነሣ ጊዜ፣ የማይሞትና የማይታመም ሥጋ ሆኖ ሳለ፣ የችንካሩንና የጦሩን ምልክት አላጠፋውም። ለቶማስ ያሳየው ያንን ነው፤ ቶማስም ያን ባየ ጊዜ አምላኩ መሆኑን መሰከረ። እንግዲህ በደረትሽ ላይ የስፌት መስመር ያለብሽ እኅቴ፣ በመስታወት ፊት ስትቆሚ ዓይንሽን አትጨፍኚ።

የንስሐ ልጄ ዛሬ ሦስተኛ ዓመቷን ይዛለች። የጨረሩን ሕክምና ፈጽማ፣ በየቀኑ አንዲት ክኒን ትውጣለች፤ እርሷንም አምስት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ እንድትወስድ ታዛለች። በየስድስት ወሩ ለምርመራ ስትሄድ ሌሊቱን እንቅልፍ እንደማይወስዳት ትነግረኛለች፤ እኔም አትፍሪ አልላትም፤ ፍርሃት ኃጢአት አይደለምና። ጠጉሯ ተመልሶ በቅሏል፤ ለፋሲካ ተሠርታ መጣች።

በዚህ ሳምንት ለምርመራ የምትሄዱ፣ ወይም የውጤት ቀን የምትጠብቁ፣ ወይም ወደ ቀዶ ሕክምና የምትገቡ እኅቶችና እናቶች፤ ስመ ክርስትናችሁን ለንስሐ አባታችሁ ወይም በአቅራቢያችሁ ላለው ካህን ላኩ። በቅዳሴ ጊዜ ስለ ሕሙማን በሚጸለየው ጸሎት ስማችሁ ይነሣል። እስካሁን ለማንም ያልነገራችሁም፣ ዛሬ ማታ ራዲዮኑ ሲዘጋ በአጠገባችሁ ላለው ሰው ንገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።